ለጉንፋን አሞክሳሲሊን፣ ለሆድ ቁርጠት ፍላጅል፦ ማንን እየገደልን ነው?

ዛሬ የምጽፈው ረዘም ይላል፤ ጊዜ ሲኖራችሁ ቡና ይዛችሁ አንብቡት። ጉዳዩ በየቤታችን ያለ ነው፤ ትንንሽ ልጆች ያላችሁ ደግሞ በተለይ እስከ መጨረሻው ብታነቡት ደስ ይለኛል። (የምጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

ሰሞኑን ጉንፋን ከቤት ቤት እየዞረ ነው። የመምህራን ማረፊያ ክፍል ቁጭ ብለን አንዱ ሲያስነጥስ ሌላው ወዲያው "አሞክሳሲሊን ጀምር፣ እኔን በሁለት ቀን ነው ያነሳኝ" ይለዋል። ሆዱን የቆረጠው ደግሞ "አሜባ ነው፣ ፍላጅል ውሰድ" ይባላል። ማንም አልመረመረውም። መድኃኒቱ ያለ ሐኪም ወረቀት ይገዛል፣ ሦስት ቀን ይዋጣል፣ ሲሻለው ደግሞ የተረፈው መሳቢያ ውስጥ ይቀመጣል። ለሚቀጥለው ጉንፋን፣ ወይም ለጎረቤት ልጅ።

ይህን የሚቃወም ሰው ብዙ ጊዜ የሚያነሳው አንድ ምክንያት ነው፤ ጀርሞቹ መድኃኒቱን ይለምዱታል የሚል። ትክክል ነው፣ ከባድም ነው። በ2019 ብቻ መድኃኒት በለመዱ ባክቴሪያዎች ምክንያት በዓለም ላይ 1.27 ሚሊዮን ገደማ ሰው እንደሞተ ተገምቷል። ፔኒሲሊንን ያገኘው ፍሌሚንግ ራሱ በ1945 የኖቤል ንግግሩ ላይ መድኃኒቱን አሳንሶ መውሰድ ጀርሙን እንደሚያለማምደው ተናግሮ ነበር። ግን እውነቱን እንነጋገር፤ ይህ ምክንያት ሰው ልብ ውስጥ አይገባም። "የዓለም ችግር" ሆኖ ይቀራል። ልጁ ሌሊቱን ሲያስል ያደረ አባት ስለ ዓለም አያስብም፣ አይፈረድበትምም።

እኔ ዛሬ ማንሳት የፈለግኩት ሌላኛውን ጉዳት ነው፤ የዋጠው ሰው በራሱ ሆድ ውስጥ የሚሆነውን። አቋሜን ከወዲሁ ላስቀምጥ። ያለ ምርመራ የምንውጠው አንቲባዮቲክ የሚገድለው በሽታ አምጪውን ብቻ አይደለም። የመከላከያ ሴሎቻችንን ማን ወዳጅ ማን ጠላት እንደሆነ የሚያስተምሩልንን ባክቴሪያዎችም አብሮ ይጠርጋል። ይህን በሕፃን ልጅ ሆድ ላይ በግምት ማድረግ ደግሞ ከጥንቃቄ ጉድለትም ያለፈ ነገር ነው ባይ ነኝ።

እንዴት? እስቲ ከመጀመሪያው እንነሳ።

ተማሪዎቼን በየዓመቱ "ባክቴሪያ ስላችሁ መጀመሪያ ምን ይመጣላችኋል?" ብዬ እጠይቃለሁ። ቲቢ፣ ኮሌራ፣ ታይፎይድ ይላሉ። አንዳንዴ ከኋላ ወንበር አንዱ "እርጎ!" ይላል፣ ክፍሉ ይስቃል። የሳቁበት ልጅ ነው ግን ወደ እውነቱ የቀረበው። በ2016 የታተመ ስሌት እንደሚለው 70 ኪሎ የሚመዝን ሰው ውስጥ 30 ትሪሊዮን ገደማ የራሱ ሴሎች ሲኖሩ ባክቴሪያዎቹ ደግሞ 38 ትሪሊዮን ይሆናሉ። (ድሮ "አሥር እጥፍ ይበልጡናል" ይባል የነበረው የተጋነነ ነው፤ አሁንም የሚደግሙት አሉ።) ሁሉም ተሰብስበው ቢመዘኑ 200 ግራም አካባቢ ነው። አብዛኞቹ የሚኖሩት ትልቁ አንጀት ውስጥ ነው። በሽታ የሚያመጡት ጥቂቶች ናቸው። ሌሎቹ እኛ ማላመጥ እንጂ መፍጨት ያቃተንን ይበላሉ፣ በምትኩ ደግሞ ኪራይ ይከፍላሉ።

ከኪራዩ ዋነኛው ትምህርት ነው።

በአንጀታችን ባክቴሪያዎችና በሰውነታችን መካከል ያለው ግድግዳ የአንድ ሴል ውፍረት ብቻ ነው፤ ላዩ ላይ የንፍጥ ሽፋን አለው፣ በቃ። ከግድግዳው ጀርባ የመከላከያ ሴሎች ተኮልኩለዋል። አንጀት ብዙ የመከላከያ ሴል ከያዙ የሰውነታችን ክፍሎች አንዱ ነው። ቦታው ያስፈልገዋላ! በየቀኑ ምግብ ያልፋል፣ ትሪሊዮን ባክቴሪያ ይኖርበታል፣ በመሀል ደግሞ አንድ የኮሌራ ጀርም ሊገባ ይችላል። እነዚህ ሴሎች ምሳህን እንደ ጠላት ካዩት ሕይወትህ ሲኦል ነው። ኮሌራውን እንደ ምሳ ካዩትም አለቀልህ።

ክፍል ውስጥ ይህን ሳስረዳ የግቢ ውሻን ነው የምጠቅሰው። ከቡችላነቱ ጀምሮ ታስሮ፣ ሰው ሳያይ ያደገ ውሻ አስቡ። አንድ ቀን ሲፈታ ወይ የቤቱን ልጅም፣ ጎረቤቱንም፣ ወተት አምጪውንም ይነክሳል፤ ወይ ደግሞ ሌባ ሲገባ ጥግ ይዞ ይደበቃል። ጥርስ አጥቶ አይደለም። ማን ቤተኛ ማን ባዕድ እንደሆነ ስላልተማረ ነው። ነጭ የደም ሴሎቻችንም ጥርሱን ይዘው ይወለዳሉ፤ ትምህርቱን ግን በከፊል የሚያገኙት ከአንጀት ባክቴሪያዎች ነው።

"ይሄ ምሳሌ ነው፣ ማስረጃው የታለ?" ትሉኛላችሁ። ማስረጃው ከአይጦች ይጀምራል። በላቦራቶሪ ውስጥ አንድም ባክቴሪያ ሳይነካቸው የሚያድጉ አይጦች አሉ፤ የሚበሉት፣ የሚጠጡት፣ የሚተነፍሱት ሁሉ ከጀርም የጸዳ ነው። በሽታ የሚባል ነገር የሌለባቸው ጤነኞች መሆን ነበረባቸው አይደል? ሆዳቸው ሲታይ ግን የመከላከያ ሴሎች የሚሰበሰቡባቸው እብጠቶች አንጀታቸው ላይ ጫጭተዋል። የአንጀቱን ግድግዳ የሚጠብቀው አንቲቦዲ በጣም ትንሽ ነው። ቲ ሴሎቻቸው ቁጥራቸውም ዓይነታቸውም ጎድሏል። ባክቴሪያ ሲሰጣቸው ደግሞ ብዙው ነገር ይስተካከላል።

ከዚህ ሁሉ እኔን የማረከኝ የኒው ዮርኩ ታሪክ ነው። የዳን ሊትማን ቡድን በአንጀት ውስጥ ስላሉ አንድ ዓይነት ቲ ሴሎች ያጠናል፤ እብጠት አስነስተው ባክቴሪያና ፈንገስን የሚዋጉ፣ ከመጠን ሲያልፉ ደግሞ የራስን አካል የሚጎዱ ሴሎች ናቸው። ተመራማሪዎቹ አይጥ የሚገዙት ከተለያዩ አርቢ ድርጅቶች ነው። አይጦቹ በዘር አንድ ናቸው፣ መንታ በሉት። ነገር ግን ከአንዱ አርቢ የመጡት እነዚህ ሴሎች በብዛት አሏቸው፣ ከሌላው የመጡት የሏቸውም ማለት ይቻላል። ዘሩ አንድ፣ ሴሉ የተለያየ! ሁለቱን ዓይነት አይጦች በአንድ ጎጆ አብረው ሲያኖሯቸው የሌላቸውም አበቀሉ። (አይጥ የአይጥን ፋንድያ ይበላል፤ ባክቴሪያው የተሻገረው በዚያ ነው፤ ይቅርታ ምሳ ላይ ላላችሁ።) ፍለጋው ሲጠብ በ2009 አንድ ባክቴሪያ ላይ ደረሱ፤ እንደ ክር የረዘመና የአንጀት ግድግዳ ላይ የሚጣበቅ። ይህ አንድ ባክቴሪያ መኖሩ ወይም አለመኖሩ ብቻ አይጧ ምን ዓይነት የመከላከያ ሠራዊት እንደሚኖራት ይወስናል። ይህ እንግዲህ ከወላጅ በወረስነው ዘር ብቻ የማይብራራ ነገር ነው።

ሁለተኛው ታሪክ ከጃፓን ነው። ኬንያ ሆንዳና ባልደረቦቹ በተቃራኒው የሚያረጋጉትን ሴሎች ይፈልጉ ነበር። "ተቆጣጣሪ ቲ ሴል" ይባላሉ፤ ሌሎቹ ሴሎች ሲጮኹ "በቃ፣ ዝም በሉ፣ ይሄ ቤተኛ ነው" የሚሉት እነሱ ናቸው። በ2011 ክሎስትሪዲያ የሚባሉ ባክቴሪያዎች እነዚህን ተቆጣጣሪዎች በአይጥ አንጀት ውስጥ እንደሚያበዙ አሳዩ። በ2013 ደግሞ ከጤነኛ ሰው ሰገራ ይህን የሚሠሩ 17 ዝርያዎች ለይተው አወጡ። ክሎስትሪዲያ ሲባል ቴታነስ የሚያመጣው የአንዱ ዘመድ ስም ይታወሳችሁ ይሆናል። ከአንድ ቤተሰብ ሌባም ቄስም ይወጣል።

እንዴት ነው የሚያስተምሩት? እዚህ ላይ ነው የእኛ ሽሮና ጎመን የሚገባው። እኛ መፍጨት የማንችለውን የምግብ ጭረት (ፋይበር) ባክቴሪያዎቹ ሲያብላሉት ትንንሽ አሲዶች ይወጣሉ። ከነሱ አንዱ ቡቲሬት ይባላል። ይህ ቡቲሬት ለትልቁ አንጀት ግድግዳ ሴሎች ዋነኛ ነዳጅ ነው። ከዚያም አልፎ ገና ሥራውን ያልመረጠ ወጣት ቲ ሴል ውስጥ ይገባና የተጠቀለለውን ዲኤንኤ ላላ እንዲል ያደርጋል፤ "ተቆጣጣሪ ሁን" የሚለው ጂን ይነበባል። አስቡት እስቲ፤ ትናንት የበላኸው የባቄላ ገለባ ባክቴሪያ ሆድ ውስጥ አልፎ ዛሬ የነጭ የደም ሴልህን ጂን ይከፍታል። ይህን ለተማሪ ስነግር ክፍሉ ጸጥ ይላል፤ ፎቶሲንተሲስን ሳስተምር እንዲህ ጸጥ ብሎልኝ አያውቅም።

አሁን ወደ መድኃኒታችን እንመለስ። ፍላጅል፣ ማለትም ሜትሮኒዳዞል፣ የሚሠራው እንዴት ነው? መድኃኒቱ ኦክስጅን በሌለበት የሚኖር ሕዋስ ውስጥ ሲገባ ነው ወደ መርዝነት የሚለወጠው። አሜባና ጃርዲያ እንዲያ ዓይነት ናቸውና ይገድላቸዋል። ጥሩ። ግን የትልቁ አንጀት አብዛኞቹ ባክቴሪያዎችስ? ኦክስጅን የማይወዱ ናቸው! ቡቲሬት የሚያመርቱት፣ ተቆጣጣሪ ሴሎችን የሚያበዙት እነ ክሎስትሪዲያም እንዲሁ። አሜባ ካለብህ መድኃኒቱ ያስፈልግሃል፣ ክርክር የለውም። አሜባ ከሌለብህ ግን፣ ሆድህን የቆረጠህ ትናንት ማታ የበላኸው ክትፎ ከሆነ፣ የዋጥከው መድኃኒት ገበያ የሚያገኘው አስተማሪዎቹ ላይ ነው።

አሞክሳሲሊንም ለጉንፋን እንዲሁ ነው። ጉንፋን ቫይረስ ነው። አሞክሳሲሊን የሚያፈርሰው የባክቴሪያን ግድግዳ ነው፤ ቫይረስ ደግሞ ያ ግድግዳ የለውም። ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ነው። "እኔን ግን በሁለት ቀን አነሳኝ" የሚለው ሰው ሳይውጠውም በዚያው ሰሞን ይነሳ ነበር።

አንጀት ሙልጭ ብሎ ሲጠረግ ምን እንደሚከተል ከሐኪም ቤት የታወቀ ምሳሌ አለ። አንቲባዮቲክ የበዛባቸው አንዳንድ ሰዎች አንጀት ውስጥ ቦታው ባዶ ሲሆን ክሎስትሪዲየም ዲፊሲል የሚባል ክፉ ባክቴሪያ ይነግሣል፤ የማያባራ ተቅማጥ ያመጣል፣ ይገድላልም። በ2013 የኔዘርላንድ ሐኪሞች ይህ በሽታ እየተመላለሰ ላስቸገራቸው ሰዎች የጤነኛ ሰው ሰገራ ተበጥብጦ በቱቦ ወደ አንጀታቸው እንዲገባ አደረጉ። ከ16ቱ 13ቱ በአንድ ጊዜ ዳኑ። ቫንኮማይሲን የተባለውን ኃይለኛ አንቲባዮቲክ ብቻ ከወሰዱት 13 ሰዎች የዳኑት 4 ናቸው። ልዩነቱ ስለበዛ ጥናቱ ከታሰበው ጊዜ በፊት ተቋረጠ። ሰገራ ቫንኮማይሲንን አሸነፈ! ይህን አያቴ ብትሰማ ምን ትል ነበር እላለሁ።

የሕፃናቱ ነገር ግን ነው ይህን ጽሑፍ ያስጻፈኝ። ሕፃን ሲወለድ አንጀቱ ባዶ ነው ማለት ይቻላል፤ ከእናቱ፣ ከሚያቅፉት ሰዎች፣ ከቤቱ ነው ባክቴሪያ የሚሰበስበው። የእናት ጡት ወተት ውስጥ ደግሞ ሕፃኑ ራሱ ሊፈጨው የማይችለው የስኳር ዓይነት በብዛት አለ። ከወተቱ ጠጣር ነገሮች ከላክቶስና ከስብ ቀጥሎ ሦስተኛው እሱ ነው። ለሕፃኑ ካልሆነ ለማነው? ለባክቴሪያዎቹ ነው። ቢፊዶባክቴሪያ የሚባሉት እሱን በልተው ያድጋሉ፤ የሕፃኑን የመከላከያ ሴሎችም ያረጋጋሉ። እናት አንድ ልጅ ብቻ አይደለም የምታጠባው ማለት ነው። ይህ የአንጀት ማኅበረሰብ እስኪረጋጋና የአዋቂ ሰው እስኪመስል ድረስ ሦስት ዓመት ገደማ ይፈጃል። ያ ጊዜ የትምህርት ጊዜ ነው። በዚያ ጊዜ ነው እኛ ለእያንዳንዷ ሳል የአንቲባዮቲክ ሽሮፕ የምናጠጣው።

ካናዳ ውስጥ ብሪቲሽ ኮሎምቢያ በምትባል ግዛት የተሠራና በ2020 የታተመ ጥናት አለ። ከ2000 እስከ 2014 ባለው ጊዜ ሐኪሞቹ ዓመት ላልሞላቸው ሕፃናት የሚያዙት አንቲባዮቲክ ከግማሽ በላይ ቀነሰ። በዚያው ጊዜ ከ1 እስከ 4 ዓመት ባሉ ልጆች ላይ አዲስ የሚመዘገበው አስም በ26 በመቶ ወረደ። ሁለት ነገር አብሮ መውረዱ ብቻውን አንዱ ሌላውን አመጣ ለማለት አያበቃም፤ ይህን ለተማሪዎቼም ሁሌ እነግራለሁ። ግን ተመራማሪዎቹ የልጆቹን ሰገራ ጭምር አይተዋል፤ አንቲባዮቲክ የወሰዱት ልጆች የአንጀት ባክቴሪያ ዓይነት ቀንሶ ነበር፣ መንገዱም በዚያ በኩል እንደሚያልፍ ያመለክታል።

አስም የፈረንጅ በሽታ ነው የሚል ካለ፣ ጅማ ከተማና በዙሪያዋ ባሉ ገጠሮች የተሠራ ጥናት በ1997 ላንሴት ላይ ወጥቷል። አስምና የደረት ሲርሲርታ ከገጠሩ ይልቅ ከተማው ላይ በዝቶ ነው የተገኘው። ከተማና ገጠር የሚለያዩበት ነገር ብዙ ነውና ሁሉንም ለባክቴሪያ አልሰጥም። ግን ከተሜ ስንሆን ሳንባችን ውስጥ የሆነ ነገር እየተለወጠ እንደሆነ ከራሳችን አገር የወጣ ምስክር ነው።

አዋቂዎችም አልተረፉም። በ2019 አሜሪካ ውስጥ ጤነኛ ፈቃደኞች ለአምስት ቀን ጠንካራ አንቲባዮቲክ ወስደው የጉንፋን መሰል (ኢንፍሉዌንዛ) ክትባት ተከተቡ። አስቀድሞ በደማቸው በቂ አንቲቦዲ ያልነበራቸው ሰዎች ላይ የክትባቱ ምላሽ ተዳክሞ ታየ። ሰዎቹ ጥቂት ነበሩ፤ ቢሆንም ነገሩ ሐሳብ ላይ ይጥላል። ክትባት ማለት ለመከላከያ ሴል የሚሰጥ ትምህርት ነው፤ አንጀት ውስጥ ያሉት አስተማሪዎች ሲጠፉ ክንድ ላይ የተሰጠው ትምህርት ደከመ ማለት ነው።

አንድ ጓደኛ አለኝ፣ ጤና መኮንን ነው። ይህን ሁሉ ስነግረው ዝም ብሎ አልሰማኝም። "አንተ ጠመኔ ይዘህ ታወራለህ፤ እኔ ጋ ግን ሕፃን ደረቱ እየገባ እየወጣ፣ ከንፈሩ ጠቁሮ ይመጣል። ያኔ ስለ ቡቲሬት ላስብልህ?" አለኝ። አላስብም ማለቱ ልክ ነው። የሳንባ ምች የያዘው ልጅ አሞክሳሲሊን ካላገኘ ይሞታል፤ የሞተ ልጅ ደግሞ የሚማርለት የመከላከያ ሴል የለውም። እንዲያውም ከዚህም በላይ የሚከብድ ማስረጃ አለ። በኒጀር፣ በማላዊና በታንዛንያ በዓመት ሁለት ጊዜ ለትንንሽ ልጆች በጅምላ አዚትሮማይሲን ተሰጥቶ የሕፃናት ሞት በ13.5 በመቶ ቀንሷል፤ በ2018 ነው የታተመው። እዚህም አማራ ክልል ውስጥ ለትራኮማ ተብሎ ይኸው መድኃኒት በዘመቻ ሲሰጥ ቆይቷል፤ ስንት ዓይን እንዳዳነ የምናውቅ እናውቃለን።

ታዲያ ይህ የእኔን ክርክር ያፈርሰዋል? አያፈርሰውም። እነዚያ መድኃኒቶች የተሰጡት ማን ይጠቀማል፣ ስንት ይወስዳል፣ ምን ያህል ይጎዳል ተብሎ ተቆጥሮ፣ የሞተና የዳነ ተመዝግቦ ነው። የእኛው ግን በሥራ ባልደረባ ትእዛዝ ነው። ጥቅሙ ትልቅ ሲሆን ዋጋው ይከፈላል። ጥቅሙ ዜሮ ሲሆን ግን ዋጋው ብቻ ነው የሚቀረው።

ጓደኛዬ ሌላም ነገር አለ፣ እዚያ ላይ ተስማምተናል። ሰው ወዶ አይደለም። ሐኪም ቤት መሄድ ማለት የካርድ፣ የላቦራቶሪ፣ የትራንስፖርት ብር፣ ግማሽ ቀን ወረፋ፣ ከሥራ መቅረት ነው። ካፕሱሉ ከዚህ ሁሉ ይረክሳል። ተመርምረህም ቢሆን ነገሩ ሁልጊዜ አይጠራም። "ታይፎይድና ታይፈስ አብሮ አለብህ" ያልተባለ ሰው አለ እዚህ? የዊዳል ምርመራ የሚያየው አንቲቦዲን ነው እንጂ ባክቴሪያውን አይደለም፤ ድሮ ታመህ ከነበረ ወይም ከተከተብህ ዛሬ ጤነኛ ሆነህም "አለብህ" ሊልህ ይችላል። አንድ ዘመዴ በአንድ ዓመት ውስጥ አራት ጊዜ "ታይፎይድ" ተብሎ አራት ጊዜ አንቲባዮቲክ ወስዷል። ያው ሆዱ እንደታወከ ነው፤ እንዳይታወክስ? ስለዚህ ጣቴን የምቀስረው እናቶች ላይ አይደለም። አንቲባዮቲክ በሐኪም ትእዛዝ ብቻ የሚሸጥ መሆኑን ሕጉ ያውቃል፣ ባለ መድኃኒት ቤቱም ያውቃል፤ እንደ ማስቲካ ሲሸጥ ግን ማንም አይጠይቅም። የጤና ጣቢያ ምርመራ ርካሽና አስተማማኝ እስካልሆነ ድረስ ምክር ብቻውን አይሠራም፣ የእኔም ምክር ጭምር።

ይህን ስጽፍ ሁለት ዓይነት ሰዎች እንደሚመጡ አውቃለሁ። የመጀመሪያው "ስለዚህ ልጆቹን አፈር ይብሉ በላቸዋ" የሚለው ነው። አይደለም ወንድሜ። እጅ በሳሙና መታጠብ፣ ውኃ ማፍላት፣ ሽንት ቤት፣ ክትባት፣ እነዚህ አይነኩም። ኮሌራ አስተማሪ አይደለም። ደግሞም ሁሌ በተቅማጥ የሚሠቃይ ሕፃን አንጀቱ ይቆስላል እንጂ አይማርም።

ሁለተኛው "እኛ እንጀራ በላተኞች ነን፣ እርሾ አለው፣ ተፈጥሯዊ ፕሮባዮቲክ ነው" የሚለው ነው። ይህ ወሬ በየገጹ ይዞራልና ላርመው። እርሾው ውስጥ ሕይወት ያላቸው ባክቴሪያዎች አሉ፤ ግን ሊጡ ምጣድ ላይ ሲወጣ ተቀቅለው ያልቃሉ። እንጀራ የሚጠቅመን በሌላ በኩል ነው። ጤፉ ከነገለባው ስለሚፈጭ፣ ከሽሮ፣ ከምስር፣ ከጎመን ጋር ሲበላ ለባክቴሪያዎቹ ግብዣ ነው። እነሱን ይዞ አይመጣም፣ ያሉትን ይመግባል። እርጎ ሕይወት ያላቸውን ይዞ ይመጣል፤ ሜችኒኮፍ የተባለው ሩሲያዊ ሳይንቲስት፣ በ1908 ስለ መከላከያ ሴሎች ኖቤል የተሸለመው፣ ሽምግልናን ያርቃል ብሎ የኮመጠጠ ወተት ይሰብክ ነበር። እድሜን ስለማስረዘሙ እንኳ ቃል አልገባም። ወተቱ ሳይፈላ የተረጋ ከሆነ ደግሞ ብሩሴሎሲስና የከብት ቲቢ ሊያመጣ ይችላል፣ ተጠንቀቁ። በውድ ዋጋ ስለሚሸጡት የፕሮባዮቲክ ካፕሱሎች ደግሞ በ2018 ከእስራኤል የወጣ ጥናት አንቲባዮቲክ ከወሰዱ በኋላ እነሱን የዋጡ ሰዎች የራሳቸው ባክቴሪያ ወደ ቦታው የተመለሰው ምንም ካልዋጡት ዘግይቶ እንደሆነ አሳይቷል። ብራችሁን ለሽንብራ አውሉት።

ለወላጆች የምለው አጭር ነው። ልጁ ቶሎ ቶሎ ከተነፈሰ፣ ደረቱ ወደ ውስጥ ከገባ፣ መጥባት ካቃተው፣ ከደነዘዘ ወይም ትኩሳቱ አልወርድ ካለ ቤት አታቆዩት፣ ዛሬውኑ ውሰዱት፤ አንቲባዮቲክ ከታዘዘለትም እንደታዘዘው አጠጡት። ንፍጥና ሳል ብቻ ሆኖ እየተጫወተ፣ እየበላ ከሆነ ግን ጡት፣ ፈሳሽ ነገርና ትዕግሥት ነው መድኃኒቱ። ለተቅማጥ መጀመሪያ ኦ.አር.ኤስና ዚንክ፤ ደም የቀላቀለ ከሆነ ምርመራ። ሐኪሙ አንቲባዮቲክ ሲጽፍላችሁ "ባክቴሪያ መሆኑን በምን አወቁት ዶክተር?" ብላችሁ በትሕትና ጠይቁ። ጥሩ ሐኪም በዚህ አይቆጣም። መሳቢያ ውስጥ ያለውን ትራፊ ደግሞ ለማንም አትስጡ።

እዚህ ገጽ ላይ የመድኃኒት ቤት ባለሙያ የሆናችሁ ጓደኞቼና የቀድሞ ተማሪዎቼ ብዙ ናችሁ። ከእናንተ መስማት የምፈልገው አንድ ነገር አለ። ሰው "አሞክሳሲሊን ስጪኝ" ብሎ መጥቶ እምቢ ስትሉት ምን ይላችኋል? ባለቤቱስ ምን ይላችኋል? ኮሜንት ላይ ጻፉልኝ፤ ሥራችሁ ላይ ችግር የሚያመጣባችሁ ከሆነ በውስጥ መስመር ላኩልኝ፣ ስማችሁን አልጠቅስም።